ባሕር ዳር ላይ የሚታመን መካኒክ ለምትፈልጉ

ይህን የምጽፈው ማንም ከፍሎኝ አይደለም። ከአባይ ማዶ በአንዲት ጠባብ ግቢ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ከጤና ይስጣቸው።

ከፎገራ ሽንኩርትና ሩዝ የማመላልስባት አሮጌ ሃይሉክስ አለችኝ፣ የቤንዚን ናት። የልጆቼ ደብተርም እንጀራም ከእሷ ነው። ክረምት ላይ ካምሻፍቷ፣ ያ የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተው ዘንግ፣ ተበልቷል ተባለና ተቀየረ። ከዚያ ወዲህ ሰላም የለም። ጠዋት ሞተሪኖው ቢዞር ቢዞር አትነሳም። ስትነሳም በማርሚታዋ ጧ! እያለች ሰፈሩን ታስደነግጣለች። ሜዳውን እንደምንም ትሄዳለች፣ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ዳገቱን ስትጀምር ግን ጉልበት የሚባል የላትም፣ ሙቀቷም ይወጣል። ከጣና ዳር እስከ ደብረ ታቦር እኮ 900 ሜትር ያህል ሽቅብ ነው፤ ሽንኩርት ደግሞ መንገድ ዳር ቆሞ አይጠብቅም።

የዞርኩባቸውን ጋራዦች ስም አልጠራም፣ እነሱ ራሳቸውን ያውቃሉ። ካምሻፍቱን የቀየረው «ከኔ ስትወጣ ደህና ነበረች» ብሎ ገላገለኝ። አንዱ እሳት የሚረጨው ካንዴላ ነው አለ፣ ቀየርኩ። አንዱ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርብሬተር ፈታትቶ አጥቦ ብሬን ተቀበለ፣ መኪናዋ ያችው ናት። ሌላው ለካንዴላው ኃይል የሚሰጠውን ኮይል ግዢ አለኝ። ሁሉም ዕቃ ያስገዛኛል እንጂ «መቼ ጀመራት?» ያለኝ አንድ ሰው የለም። ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ሾፌሩን ላኪው፣ ከሱ ጋር እንነጋገራለን» ያለኝ ነው። ሾፌሯ እኔ ነኝ!

እኚህ አባት መጀመሪያ የጠየቁኝ «ምን ከተነካ በኋላ ነው?» ብለው ነው። ካምሻፍት ስላቸው ፈገግ አሉ። ቁልፍ አላነሱም። አስነሺያት አሉኝና አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ዝም ብለው አዳመጡ። ከዚያ አስጠፍተው የመጀመሪያዋን ካንዴላ ፈቱና «ነይ ልጄ፣ አውራ ጣትሽን ቀዳዳው ላይ ድፈኝበት» አሉኝ። እኔን! ሞተሩን በመፍቻ ቀስ እያሉ በእጃቸው አዞሩት። በመጀመሪያው ዙር ምንም የለም። በሁለተኛው አየሩ ጣቴን ገፍቶ ፉስ ብሎ ወጣ። «አየሽ፣ ሞተሩ ሁለቴ ሲዞር ካምሻፍቱ አንዴ ነው። እሳቱ መምጣት ያለበት አየሩ ሲታመቅ ነው፤ ያንቺ እየዘገየ ነው።» እስከዛሬ ስንት ጋራዥ ስቆም እንዲህ ብሎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም።

ለካ ካምሻፍቱ ሲቀየር፣ በእሱ እየዞረ እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያድለው ዲስትሪቢዩተር አንድ ጥርስ ስቶ ነው የገባው። አንድ ጥርስ! ያን ሁሉ ገንዘብ የበላችው እሷ ናት። አውጥተው በቦታው መለሱት፣ ከዚያ ብልጭ ብልጭ የሚል መብራት ይዘው ፑሌው ላይ በጠመኔ ያሰመሩትን እያዩ ነካ ነካ አደረጉት። ስለ ዲግሪው ምናምን አትጠይቁኝ፣ እኔ የሰማሁት የሞተሩን ድምፅ ነው፤ ወዲያው ሰከነ።

በካርቶኑ ይዤው የሄድኩትን ኮይል ደግሞ «ይሄ አያስፈልግሽም፣ ሳይከፈት ለሱቁ መልሺው» ብለው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። የተቀበሉኝ የእጃቸውን ብቻ ነው፣ ካርብሬተር ካጠበው ያነሰ። በማግስቱ ሩዝ ጭኜ ደብረ ታቦር ስገባ የሙቀት መርፌዋ ካለችበት ንቅንቅ አላለችም። ዳገቱ ላይ ብቻዬን እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ሂዱ እባካችሁ። አይሱዙ ያላችሁም ሂዱ፤ ናፍጣ ካንዴላ ባይኖረውም የፓምፑን ታይሚንግ፣ ናፍጣ የሚረጭበትን ሰዓት ማለት ነው፣ እዚያው ሲያስተካክሉ አይቻለሁ። በተለይ እህቶቼ፣ እሳቸው ጋ «ባልሽን ጥሪው» የሚል የለም። ወሬ ስለማይወዱ ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፣ ስልካቸውን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር እሰጣለሁ። በጠዋት ድረሱ፣ ግቢው ቶሎ ይሞላል። ዋጋ ሲነግሯችሁም አትከራከሯቸው።