ጎንደር በክረምት፦ ለማኅተም ፍለጋ የተጠቀምንባቸው አገልግሎቶች

ውጭ አገር የሚማሩ ልጆችን ይዞ ወደ ጎንደር የሚመጣ ቤተሰብ ወቅት አይመርጥም። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ጎንደር ላይ ዝናቡ የሚበረታውም በእነዚሁ ሁለት ወራት ነው። ልጆቹ እዚያ የለመዱትን የማኅተም ፍለጋ፣ ሌተርቦክሲንግ የሚሉትን፣ እዚህም እንጫወት ካሉ ጨዋታው የሚያምረውም የሚበላሸውም በከተማዋ በምትቀጥሯቸው ሰዎችና በምትከራዩት ነገር ነው። ማኅተም ቀራጩን፣ አስጎብኚውን፣ ባጃጁን፣ ማረፊያውንና ወደ ጎርጎራ የወሰደንን መኪና የምመዝነው በአንድ ነገር ነው፦ ዝናብና ነፍሳት ሲመጡ ምን ያህል ረዱ?

ጨዋታውን ለማያውቅ፣ አንድ ሰው ውኃ በማያስገባ ትንሽ ሳጥን ውስጥ የጎማ ማኅተምና ደብተር ያስቀምጣል፤ ወደ ሳጥኑ የሚመራ ፍንጭም ይጽፋል። ፈላጊው ሳጥኑን ሲያገኝ የሳጥኑን ማኅተም በራሱ ደብተር፣ የራሱን ማኅተም በሳጥኑ ደብተር ላይ ያትምና እንደነበረው ዘግቶ ይመልሰዋል። መነሻው እንግሊዝ አገር ዳርትሙር ነው። በ1854 እ.ኤ.አ. ጄምስ ፔሮት የተባለ መንገድ መሪ ክራንሚር ፑል በሚባል ረግረጋማ ስፍራ ጎብኚዎች የስም ካርዳቸውን የሚተዉበት ጠርሙስ አኖረ። ዳርትሙርም ዝናብና ጭጋግ የማይለየው አገር ስለሆነ እርጥበትን የመከላከል ብልሃቱ ከጨዋታው ጋር አብሮ አድጓል። ጎንደር ላይ የሚጨመረው ጉንዳኑ፣ ንቡና የሰው ጥርጣሬ ነው።

ከሁሉ የበለጠው አገልግሎት የማኅተም ሥራው ነው። ፒያሳ አካባቢ ካሉት ትንንሽ ማኅተም ቤቶች በአንዱ ያሠራነው በጣም ጥሩ ሆኖ ወጥቷል፤ ሠሪው ሥዕሉን አይቶ የትኛው መስመር እንደሚጠፋ አስቀድሞ ተናገረ፣ እንዳለውም ነበር። ለእናንተም የሚጠቅመው ልክ ይኸው ነው። ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን፤ መስመሩም በመስመሮቹ መካከል ያለው ክፍተትም ከ1 ሚሊ ሜትር አይነስ። ከዚያ ከቀጠነ ቀለሙ ክፍተቱን ይሞላውና የፋሲል ግንብ ጥርሶች አንድ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናሉ። ክብ ሆኖ ዙሪያውን ጽሑፍ ያለበት ማኅተም አታሠሩ። የመሥሪያ ቤት ማኅተም ይመስላል፤ ሠሪው ደብዳቤ አምጡ ቢላችሁ ተገቢ ጥያቄ ነው። ካሬ ወይም ሞላላ፣ ሥዕልና የቤተሰብ ስም ብቻ ያለበት ይበቃል። ጎማው ከእንጨቱ ጋር የተያያዘበትን ሙጫ ሳትረከቡ በፊት በጥፍር ፈትኑት። እንጨቱ በእርጥበት ሲያብጥ ቀድሞ የሚለቀው የጎማው ጠርዝ ነው።

ማኅተም ቤቱን የማመሰግነውን ያህል የሚሸጠውን ቀለም አላመሰግንም። የተለመደው ሐምራዊ የቢሮ ቀለም ለደረቅ ቢሮ የተሠራ ነው፤ አንድ የዝናብ ጠብታ ሲነካው ይፈስሳል፣ የታተመውም ገጽ ወደ ጀርባው ያልፋል። ከውጭ ስትመጡ በውኃ የማይለቅ የፒግመንት ቀለም ሰሌዳ ይዛችሁ ኑ። ደብተሩ በካሬ ሜትር ከ120 እስከ 160 ግራም የሚመዝን ወረቀት ቢኖረው ይመረጣል፤ የተማሪ ደብተር ስስ ስለሆነ ቀለሙን ያሳልፈዋል። ስምና ቀን የሚጻፈው በእርሳስ ነው፤ እርሳስ በረጠበ ወረቀትም ላይ ይጽፋል፣ ውኃም አያጠፋውም። ፒግመንት ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ በየገጹ መካከል አንድ ስስ ወረቀት ጣልቃ አስገቡ።

ሳጥኑ አራት ጎን መቆለፊያና ክዳኑ ላይ የጎማ ቀለበት ያለው የምግብ ሳጥን ይሁን። የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ይቀላል ብለው የሚመክሩ አሉ፤ በአንድ ክረምት ይዝጋል፣ ዝገቱም ደብተሩን ያበላሻል። ሳጥኑ ውስጥ ማኅተሙና ደብተሩ በተለያየ የዚፕ ከረጢት ይግቡ፤ እያንዳንዱ 5 ግራም የሚሆን ሁለት እርጥበት የሚመጥ የሲሊካ ጄል ከረጢትም ጨምሩ። ብዙ ሰው የሚስተው የሚዘጋበትን ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ቆሞ ጭጋግ ሲነሣ የተዘጋ ሳጥን እርጥቡን አየር ይዞ ይዘጋል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ያ እርጥበት በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጠል ሆኖ ይወርዳል። ከውጭ አንድ ጠብታ ሳይገባ ደብተሩ ይረጥባል። ጠዋት ፀሐይ ወጥታ አየሩ ሲደርቅ ዝጉት። ሲሊካው ሲጠግብ በ110 እና 120 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መካከል ባለ ምድጃ ለሁለት ሰዓት ይሞቃል፤ ከረጢቱ ፕላስቲክ ከሆነ ግን ፍሬውን አውጥቶ በሳህን ነው። ከረሜላ ለልጆች ሽልማት ብላችሁ አታስገቡ። ክዳኑ በትክክል ካልተገጠመ ጉንዳን የከረሜላውን ሽታ ተከትሎ ይመጣል፤ ቀንድ አውጣ ደግሞ ወረቀቱን ራሱን ይበላል።

ሳጥኑን የት ማኖር እንዳለባችሁ ሲታሰብ የዳርትሙር ልማድ እዚህ አይሠራም። ፋሲል ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ ቅርስን ይጠብቃል። በኖራ በተሠራ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ሳጥን መሸጎጥ ድንጋዩን ያነቃንቃል፤ ማንም ይህን አያድርግ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ግጭት የተነሣ ባለቤት የሌለው የታሸገ ሳጥን ከቋጥኝ ሥር ቢገኝ ሰው ይደነግጣል፤ መደንገጡም ልክ ነው። ስለዚህ ሳጥኑ በሰው እጅ ይቀመጥ፦ በቡና ቤት፣ በመጻሕፍት መደብር፣ በማረፊያ እንግዳ መቀበያ። ፍንጩ ወደ ቦታው ይመራል፣ ፈላጊው መልሱን ሲናገር ባለአደራው ሳጥኑን ያወጣለታል። ዳርትሙር አካባቢም መጠጥ ቤት ውስጥ የሚቀመጡ ሳጥኖች አሉ፤ ከጨዋታው ደንብ አልወጣንም። እኛ አደራ ያስቀመጥንባት የቡና ቤት ባለቤት፣ ሁሉም እትዬ የሚሏት፣ ሳጥኑን ከምድጃው አጠገብ ካለ ደረቅ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። ለወረቀት ከዚህ የተሻለ ስፍራ የለም። ለአደራው ተገቢውን ክፈሉ፤ ቡና እየጠጡ መሄድ ብቻ አይበቃም።

ፈቃድ ያለው አስጎብኚ መቅጠር ለዚህ ጨዋታ ትርፍ ወጪ አይደለም። የቀጠርነው ወጣት ፍንጮቹን አንብቦ ሁለቱን አስጣለን፤ አንዱ ጅረት ማቋረጥ የሚጠይቅ፣ ሌላው ሣሩ ጉልበት በሚደርስበት ሜዳ የሚያልፍ ነበር። በክረምት ፍንጭ ሲጻፍ የእርምጃ ቁጥር አይታመንም፤ በጭቃ ላይ ሰው እርምጃውን ያሳጥራል፣ 40 እርምጃ የተባለው ሳይደርስ ያልቃል። አደይ አበባንም ምልክት አታድርጉ፤ ከመስከረም ገደማ ውጭ የለም። የማይለወጥ ነገር ቁጠሩ፤ የፋሲል ግቢን 12 በሮች፣ የፋሲል ግንብ አራት ክብ ማማዎችን፣ የደብረ ብርሃን ሥላሴን የቅጥር ማማዎች። አስጎብኚው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጀምሮ እስከ ስድስት ሰዓት እንድንጨርስ አጥብቆ ጠየቀ፤ ጎንደር ላይ ክረምት ጠዋቱን ይታገሳል፣ ዝናቡና በረዶው ከሰዓት በኋላ ይወርዳል። ነጎድጓድ ከመብረቁ በ30 ሰከንድ ውስጥ ከተሰማ ቁስቋም ወይም ጎሃ ኮረብታ ላይ መቆም የለም፤ ወርዶ ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ስለ ነፍሳት ሳይጠየቅ አይናገርም። ጠይቁት።

በፋሲል መዋኛ ቅጥሩን ያቀፉት የዋርካ ሥሮች ለፎቶ የሚያምሩትን ያህል በክረምት የጉንዳን መንገድ ናቸው። ጉንዳን በተርታ ሲሄድ መስመሩን የረገጠ ሰው የሚያውቀው ጉልበቱ ሲነከስ ነው። ሱሪ በካልሲ ውስጥ ይታሰር፣ ካልሲው ረጅም ይሁን፤ ከወጣባችሁ መጀመሪያ ከመስመሩ ሦስት አራት ሜትር ራቁ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ልቀሙ። ቆሞ ማራገፍ ሌሎቹን መጋበዝ ነው። ከብት በሚግጥበት ሣር ከሄዳችሁ ማታ ከጉልበት ጀርባና ከብብት መዥገር ፈልጉ፤ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው፣ ቅቤም ክብሪትም አያስፈልግም።

ስለ ንብ ጎንደሬ ልዩ አክብሮት አለው። ደርቡሾች በ1888 እ.ኤ.አ. ከተማዋን ሲያቃጥሉ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ከጥፋት ያዳነው የንብ መንጋ እንደሆነ ይነገራል። ዛሬም በድንጋይ ቅጥርና በትልልቅ ዛፎች ስንጥቅ ንብ ይሰፍራል። እጅን ወደማይታይ ቀዳዳ መስደድ አይገባም፤ ሽቶ የተቀባ ሰው ይቅር፤ አንዱ ከነከሰ ሳይጨፈልቁ ፊትን ሸፍኖ መሮጥ ነው፣ የተጨፈለቀች ንብ ሽታ ሌሎቹን ይጠራል። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ጫማ ይወልቃል፤ ቁንጫ ለሚያስቸግረው ሰው ፐርሜትሪን በሚባል የነፍሳት መከላከያ የተነከረ ካልሲ ትልቅ እፎይታ ነው።

ባጃጁ ደህና ነበር። ኮንትራት ስትይዙ የጎኑ ሸራ መኖሩንና አለመቀደዱን እዩ፤ ወደ ቁስቋም የሚወስደው አቀበት ሲረጥብ ጎማው ይንሸራተታልና ዝናብ ከጀመረ አሽከርካሪው እንዲጠብቅ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ማረፊያው መካከለኛ ነው። አልጋው ንጹሕ ነበር፤ የፍራሹን ስፌት ገልጦ ትኋን መፈለግ ግን የትም ቢሆን አይቀርም። የጎደለው ማድረቂያ ነው፤ በሐምሌ የታጠበ ልብስ በአንድ ቀን አይደርቅም። ጫማ ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቆ በየሦስት ሰዓቱ መቀየር በደንብ ያደርቃል። ሠራተኞቹ በቅን ልብ የከሰል ማንደጃ ወደ ክፍል ሊያስገቡ ፈለጉ፤ እባካችሁ ይህን አትቀበሉ። በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል ሽታ በሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላል። ጫማው ወደ በረንዳው ይሂድ።

ከሁሉ የከፋው የጎርጎራው ጉዞ ነው። ከከተማው ወደ ጣና ሰሜናዊ ዳርቻ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከመሄዳችሁ በፊት ስለ መንገዱ ጸጥታ በዚያው ቀን ጠዋት ጠይቁ። መኪናውን ያቀረበው ድርጅት ለጠዋት አንድ ሰዓት የተያዘውን ቀጠሮ እስከ ቀትር አዘገየ፤ የመዘግየቱ ዋጋ ገንዘብ ብቻ አልነበረም። ሐይቁ ዳር የተደረሰው ሲመሽ፣ ዝናቡም ሲጀምር ነው። ጎርጎራ ያለችበት ደንቢያ የወባ አገር ነው፤ ወባ አስተላላፊዋ ቢምቢ የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። መብራት ሲበራ የሐይቁ ትንኝ ደመና ሆኖ ወረደ፤ እርጥብ ቀለም ላይ ተጣብቆ የታተመውን ሁሉ አበላሸ። በአዳሪ ቤቱ የተሰጠው አጎበር ቀዳዳ ነበረው። ልጆቹ አንድም ጥሩ ማኅተም ሳይዙ ተመለሱ፤ የሚያሳዝነው ሰዓት ቢከበር ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ለጎርጎራ የሚያስፈልገውን በግልጽ ልጻፍ። ከመምጣታችሁ በፊት ስለ ወባ መከላከያ ኪኒን ሐኪም አነጋግሩ። የራሳችሁን አጎበር፣ መርፌና ክር ይዛችሁ ሂዱ። ለቆዳ ከ20 እስከ 30 በመቶ ዲት ያለው ነፍሳትን የሚያርቅ ቅባት ይሠራል፤ ነገር ግን ዲት ፕላስቲክ ያለሰልሳል፣ በተቀባ እጅ የቀለም ሰሌዳና የሳጥን ክዳን የነካ ሰው አሻራው እዚያው ይቀራል። ለማኅተም ፈላጊ 20 በመቶ ፒካሪዲን የሚባለው ሌላው የነፍሳት ማራቂያ ይሻላል፤ ፕላስቲክ አይነካም። የፀሐይ ቅባት የምትጠቀሙ ከሆነ እሱ መጀመሪያ፣ የነፍሳቱ በላዩ ነው። ውኃው ጥልቅ ባልሆነበት ዳርቻ ልጆች እግራቸውን አይንከሩ፤ ቢልሃርዝያ አለ። ማኅተም የሚታተመው ከቀትር በፊት ነው፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ጎንደር ለመግባት የማይስማማ መኪና አትከራዩ፣ ቀብድም አትስጡ።

ሳጥኑን ለባለአደራ ትታችሁ የምትመለሱ ሰዎች አንድ ትርፍ ደብተርና አራት የሲሊካ ከረጢት አብራችሁ ተዉ። ከመስቀል በኋላ ሰማዩ ሲጠራ እንዲከፈት፣ ደብተሩ አንድ ቀን በጥላ እንዲናፈስ፣ ሲሊካውም እንዲቀየር ተነጋገሩ፤ በፀሐይ ላይ ከተሰጣ ጎማው ይሰነጠቃል።