ሰባት ጎራሹ ሩገር በ.327 ማግነም፦ ጥይቱን በእጁ ለሚሞላ አዳኝ

ሩገር ሲንግል ሰቨን የተባለውን፣ አፈሙዙ 5.5 ኢንች የሆነ፣ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ሰባት ጎራሽ ሪቮልቨር የገዛሁት ባለፈው የመጸው ወራት ነው። የብርዱን ጊዜ በአብዛኛው ጥይት በመሙላትና የሞላሁትን በተኩስ መለማመጃ ሜዳ በመፈተሽ አሳለፍሁ፤ ከጸደይ ጀምሮ ደግሞ በቨርጂኒያ፣ በሸናንዶዋ ሸለቆ በሚገኝ አንድ የከብት እርሻ ላይ፣ በባለቤቱ ፈቃድ፣ ለአደን ይዤው እወጣለሁ። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር፦ ጥይቱን ራሱ ለሚሞላ ሰው ይህ ሽጉጥ ከሚተኩሰው ከ.327 ማግነም የበለጠ ሁለገብ የሽጉጥ ካሊበር (የጥይት ልክ) አላውቅም፤ ጥይት ከመደብር ብቻ ለሚገዛ ሰው ግን እንዲገዛው አልመክርም።

የ.327 ፌደራል ማግነም የዘር ሐረግ ረጅም ነው። የመጀመሪያው አባት እ.ኤ.አ. በ1878 የወጣው .32 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሲሆን፣ በ1896 ቀለሁ ረዝሞ .32 ሎንግ ተባለ። በ1984 ፌደራልና ሃሪንግተን ኤንድ ሪቻርድሰን የተባሉት ኩባንያዎች በጋራ ይህንኑ ቀለህ እንደገና አስረዝመው .32 ኤች ኤንድ አር ማግነምን አወጡ። በ2007 ደግሞ ፌደራል ከሩገር ጋር ሆኖ ቀለሁን ወደ 1.2 ኢንች አደረሰውና .327 ማግነም ተወለደ። አራቱም ስፋታቸው ተመሳሳይ ስለሆነ፣ የመጨረሻውን የሚተኩስ ሽጉጥ የቀደሙትን ሦስቱን ይተኩሳል። የኃይላቸው ልዩነት ግን እጅግ ሰፊ ነው። የ.327 ከፍተኛው የግፊት ወሰን በካሬ ኢንች 45,000 ፓውንድ ሲሆን፣ የታላቁ .357 ማግነም ወሰን 35,000፣ የ.44 ማግነም ደግሞ 36,000 ነው። በቁመናው ትንሽ የሆነው ጥይት በግፊት ከሁለቱም ይበልጣል ማለት ነው።

ጥይት መሙላት ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። አንድ ጥይት የናስ ቀለህ፣ በቀለሁ ግርጌ ተቀምጦ ባሩዱን የሚለኩስ ፕራይመር፣ ባሩድና አረር አለው። ከእነዚህ ውድ የሆነው ቀለሁ ከተኩስ በኋላ ሳይበላሽ ይቀራል፤ እርሱን አጥቦ፣ ወደ ልኩ መልሶ፣ የቀሩትን ሦስቱን እንደገና መሙላት ይቻላል። ከመደብር የሚገዛው .327 ውድ ነው፤ ከዚያም በላይ ብዙ ጊዜ መደርደሪያው ላይ አይገኝም። የምርጫው ዓይነትም ጠባብ ነው፤ አብዛኛው ራስን ለመከላከል የተዘጋጀና ሙሉ ኃይል ያለው ነው። ቤት ውስጥ የሚሞላ ሰው ግን ከአንዱ ቀለህ፣ ከለስላሳ የመለማመጃ ጥይት ጀምሮ በሰከንድ 450 ሜትር እስከሚበር ድረስ፣ የፈለገውን ያዘጋጃል። የዚህ ካሊበር ሀብት ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ቁጠባውም ከዚሁ ይመጣል። አንድ ፓውንድ እርሳስ 7,000 ግሬን ይመዝናል፤ አንድ ግራም 15.4 ግሬን ገደማ ነው። ለ.44 ማግነም የተለመደው አረር 240 ግሬን ስለሚመዝን ከአንድ ፓውንድ እርሳስ የሚወጣው 29 ብቻ ነው። በ.357 የተለመደው የ158 ግሬን አረር 44 ይወጣል። እኔ አቅልጬ በቅርጽ የማፈስሰው የ100 ግሬን አረር ግን 70 ይወጣል። ባሩዱም በዚያው ልክ ያነሰ ነው። እርሳስ ማቅለጥ አየር በሚንሸራሸርበት ቦታ ብቻ የሚሠራ፣ ከሥራው በኋላም እጅን በደንብ መታጠብን የሚጠይቅ ተግባር መሆኑን ግን ማንም ቸል ሊለው አይገባም።

ቀለሁ ቀጥ ያለ ቱቦ በመሆኑ፣ በካርባይድ ዳይ (ቀለሁ ተገፍቶ በሚገባበት እጅግ ጠንካራ የመጠን ማስተካከያ ቅርጽ) ያለ ቅባት ወደ ልኩ ይመለሳል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በ1882 የወጣው .32-20 ዊንቸስተር በአሜሪካ ገጠር ለትንንሽ አውሬ አደን ለረጅም ዘመን የተወደደ ነበር፤ ነገር ግን ቀለሁ አንገቱ የጠበበና ስስ ስለሆነ ሲሞላ በቀላሉ ይጨማደዳል፣ ቅባትም ይፈልጋል። የእርሱን ሥራ ያለ እርሱ ጣጣ የሚሠራ ካሊበር ቢኖር .327 ነው ብዬ አምናለሁ። በ.22 ማግነም ለሚመኩ ሰዎችም የምለው አለኝ፦ የዚያ ጥይት መለኮሻ በቀለሁ ከንፈር ውስጥ የተቀበረ ስለሆነ ዳግመኛ አይሞላም፤ ባለቤቱ ምንጊዜም የመደብሩ ጥገኛ ነው።

የባሩድ ልክ እዚህ አልጽፍም፤ ልክ የሚወሰደው ከታተመ የባሩድ ወይም የአረር አምራች መመሪያ ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው ከነገረን አይደለም። ስለ አሠራሩ ግን ሦስት ነገር እላለሁ። ቀለሁ ትንሽ በመሆኑ የአንድ ግሬን አሥረኛ ስሕተት በትልቅ ጥይት ላይ ከምታመጣው የበለጠ ለውጥ እዚህ ታመጣለች፤ ስለዚህ ጥሩ ሚዛን ግዴታ ነው። ሁለተኛ፣ ለለስላሳ ጥይት የሚውለው ፈጣን ባሩድ መጠኑ በጣም ጥቂት ስለሆነ ረጅሙ የ.327 ቀለህ ሁለት እጥፉን ሳይሞላ ይይዛል፤ ሁለት ጊዜ የተጨመረበት ቀለህ ደግሞ ሽጉጥ ያፈነዳል። አረሩን ከማስቀመጤ በፊት እያንዳንዱን ቀለህ በባትሪ ብርሃን የምመለከተው ለዚህ ነው። ሦስተኛ፣ ለሙሉ ኃይል የሚውለው ዘገምተኛ ባሩድ፣ በተለይ ኤች 110 የተባለው፣ የቀለሁ አፍ በአረሩ ጎድጎድ ላይ አጥብቆ እንዲታጠፍ ይፈልጋል። ካልታጠፈ ባሩዱ በእኩል አይነድም፤ ርግጫውም ያልተተኮሱትን አረሮች ወደ ፊት እየሳበ ሲሊንደሩ እንዳይዞር ሊያደርግ ይችላል። ኤች 110 ከመመሪያው ልክ በእጅጉ ተቀንሶ የሚሞላ ባሩድም አይደለም፤ ለስላሳ ጥይት የሚፈልግ ሰው ባሩዱን መለወጥ አለበት።

ለስላሳ ጥይት ለመሥራት ሁለት መንገድ አለ፤ ወይ በአጭሩ የ.32 ሎንግ ቀለህ መሙላት፣ ወይም ጥቂት ባሩድ በረጅሙ ቀለህ መሙላት። አጭሩ ቀለህ ከአፉ ፊት በጥይት ቤቱ ግድግዳ ላይ የጥላሸትና የእርሳስ ቀለበት ይተዋል፤ ካልተጠረገ ረጅሙ ቀለህ በኋላ አልገባ ይላል። በረጅሙ ቀለህ ውስጥ ደግሞ ጥቂት ባሩድ እንደ ሽጉጡ አያያዝ ወዲያና ወዲህ ስለሚሄድ ፍጥነቱ ከጥይት ጥይት ይለያያል። ብዙ ከሞከርሁ በኋላ የረጋሁት በመካከለኛው፣ በ.32 ኤች ኤንድ አር ቀለህ ላይ ነው። ባሩዱ ቀለሁን በመጠኑ ይሞላዋል፣ ርግጫው ቀላል ነው፣ ከጥይት ቤቱ የሚቀረውም ቀለበት ጠባብ ስለሆነ በነሐስ ብሩሽ ቶሎ ይለቃል። ከምተኩሰው ሁሉ አብዛኛው ይህ ነው።

ወደ አደኑ እንምጣ። የእርሻው ባለቤት እኔን የሚፈልጉኝ በተለይ ስለ ግራውንድሆግ ነው። ይህ አውሬ ከኛ አገር ሽኮኮ ጋር በመልክ የሚቀራረብ፣ ሳርና አትክልት የሚበላ፣ የብርዱን ወራት በእንቅልፍ የሚያሳልፍ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው። በሳር መስኩ ላይ የሚቆፍረው ጉድጓድ የከብት እግር ይሰብራል፣ ትራክተርም ይጎዳል። ሳሩ ታጭዶ መሬቱ በሚገለጥበት ወቅት ማለዳና ማምሻ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ይቀመጣል። ተቀምጬ፣ ክንዴን በጉልበቴ ላይ አስደግፌ፣ ከ50 ሜትር በማይበልጥ ርቀት በሙሉ ኃይል የተሞላውን የ100 ግሬን አረር እተኩሳለሁ። በዚህ ርቀት አረሩ ብዙም ስለማይወርድ በማነጣጠሪያው ላይ ስሌት አያስፈልግም፤ አውሬውም ሳይሠቃይ ባለበት ይቀራል። በከብት መካከል ሽጉጥ የሚተኩስ ሰው ከዒላማው ጀርባ የአፈር ግድግዳ መኖሩን ሳያረጋግጥ ቃታውን መንካት የለበትም፤ ስለዚህ ቁልቁል የምተኩስበትን ቦታ አስቀድሜ እመርጣለሁ።

ጥንቸልና የዛፍ ሽኮኮ በእርሻው ጠርዝ ብዙ አለ። ያደግሁበት የተዋሕዶ ሥርዓት ጥንቸልን ስለማይፈቅድ ለእኔ ማዕድ አይሆኑም፤ የባለቤቱ ቤተሰብ ግን ሁለቱንም በደስታ ይበላሉና በወቅቱ ለእነርሱ አድኜ ነበር። ለዚህ ሥራ ሙሉው ማግነም ፈጽሞ አይሆንም፤ ሥጋውን ያበላሸዋል። በሰከንድ ከ250 ሜትር በታች የሚሄድ፣ ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነ የእርሳስ አረር ግን ንጹሕ ቀዳዳ ብቻ ይተዋል፤ ከድምፅ ፍጥነት በታች ስለሚሄድም ጩኸቱ የተመጠነ ነው። በአንድ ሽጉጥ፣ በአንድ ጠዋት፣ ማነጣጠሪያውን ጥቂት ብቻ በማስተካከል ሁለቱን ሥራ መሥራት መቻሌ ይህን ካሊበር ያስወደደኝ ዋናው ምክንያት ነው።

ስለ አጋዘን የሚነሣው ጥያቄ ከሁሉ የከበደ ነው። የቨርጂኒያ ሕግ ለአጋዘን የሚውል ሽጉጥ ካሊበሩ ከ.23 እንዳያንስ፣ የጥይቱም ኃይል በአምራቹ ሠንጠረዥ ከ350 ፉት ፓውንድ እንዳያንስ ያዛል። የፌደራል የ100 ግሬን ጥይት አምራቹ በሚገልጸው የሰከንድ 1,500 ጫማ ፍጥነት 500 ፉት ፓውንድ ያህል ስለሚሰጥ ወሰኑን ያልፋል፤ .32 ኤች ኤንድ አር ግን አይደርስም። ሕጉ ቢፈቅድም እኔ አጋዘን በዚህ ሽጉጥ አልተኩስም። ስድስት ግራም ተኩል የሚመዝን አረር የትከሻ አጥንት ቢያገኝ ወደ ልብና ሳንባ በእርግጠኝነት መድረሱን አላምንም፤ የመውጫ ቀዳዳ ካልተወም ደሙ በረገፈ ቅጠል ላይ ተከትሎ የሚያገኙት መንገድ አይሆንም። በቅርብ ርቀት፣ በጠንካራ የእርሳስ አረር፣ በትዕግሥት አነጣጥረው የሚያድኑ ልምድ ያላቸው ሰዎች አሉ፤ አልነቅፋቸውም። ነገር ግን አጋዘን ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ፣ ለቤተሰቤ የማበላው እንስሳ ነው፤ ወቅቱም ከጾመ ነቢያት ጋር ስለሚገናኝ ሥጋው ለገና እስኪደርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆያል። ቆስሎ ጫካ ውስጥ እንዲጠፋብኝ አልፈልግም። ለእርሱ ጠመንጃ እይዛለሁ።

ጩኸቱን በሚመለከት አንባቢን ማስጠንቀቅ ይገባኛል። ርግጫው ከ.357 የቀለለ ስለሆነ ሰው ሁሉም ነገር የለዘበ ይመስለዋል፤ ሙሉው የ.327 ጥይት ግን ስለታም፣ ጆሮ የሚሰነጥቅ ድምፅ አለው። ያለ ጆሮ መከላከያ የተተኮሰ አንድ ጥይት እንኳ የማይመለስ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። በአደን ላይ ዝቅተኛውን ድምፅ የሚያሰማ፣ ከፍተኛውን የሚቆርጥ ኤሌክትሮኒክ መከላከያ ከጆሮዬ አላወልቅም። በተለይ ከውሻ ጋር ለሚያድን ሰው ይህ ካሊበር በሙሉ ኃይሉ አይስማማም።

ሽጉጡ ራሱ ቀላልና ጠንካራ ነው። መምቻው ለእያንዳንዱ ተኩስ በአውራ ጣት ይሳባል፤ ጥይትም በጎኑ በር በኩል አንድ በአንድ ይገባል፣ አንድ በአንድ ይወጣል። ለሚቸኩል ሰው ይህ ጉድለት ነው፤ ለአዳኝ ግን አይደለም። ለሚሞላ ሰው እንዲያውም በረከት ነው፤ ቀለሁ በሣር ላይ አይበተንም፣ አንድ በአንድ ወደ ኪስ ይገባል። ሩገር ከ1973 ጀምሮ በእንዲህ ዓይነት ሽጉጦቹ ላይ ያደረገው መጠበቂያ፣ ቃታው ካልተሳበ የመምቻው ኃይል ወደ ጥይቱ እንዳይተላለፍ ስለሚያደርግ ሰባቱንም ጥይት ጎርሶ መያዝ ይቻላል፤ በቀድሞዎቹ ነጠላ ሳብ ሪቮልቨሮች ግን ከመምቻው ሥር ያለው ቤት ባዶ መሆን ነበረበት። የኋላው ማነጣጠሪያ ከፍና ዝቅ፣ ግራና ቀኝ መስተካከሉ ብዙ ዓይነት ጥይት ለሚሞላ ሰው የግድ የሚያስፈልግ ነው፤ ማነጣጠሪያቸው ቋሚ የሆኑ የዚህ ካሊበር ሽጉጦች አሉና ለአደን የሚፈልግ ሰው እነርሱን ባይመርጥ እመክራለሁ።

ይህን ካሊበር ለመያዝ ያሰበ ሰው ከሽጉጡ በፊት ቀለሁን ይፈልግ። ባዶ የ.327 ቀለህ በየጊዜው በጥቂቱ ወጥቶ ቶሎ ያልቃል፤ የ.32 ኤች ኤንድ አር ቀለህም እንዲሁ ነው። ከእያንዳንዱ ጥቂት መቶ ያህል፣ ከእነርሱም ጋር ዲያሜትሩ .312 ኢንች የሆነ አረር ወይም የማፍሰሻ ቅርጽ በእጁ ከገባ፣ ገበያው ባዶ በሚሆንበት ወቅት እንኳ ሽጉጡ ሥራ አይፈታም። ሙሉ ኃይል የተሞሉትን ቀለሆች ከለስላሶቹ ለይቶ በተለያየ ሳጥን ያስቀምጥ፤ በየሳጥኑም ላይ የባሩዱን ዓይነት፣ የአረሩን ክብደትና የተሞላበትን ቀን ይጻፍ።