ከሜሪላንድ የመጣ ሰው፣ ከቻይና የመጣች ፒካፕ

በ2017 ለጥምቀት ሀገር ቤት የገባሁት የአምስት ሳምንት ፈቃድ ይዤ ነው። ሦስቱን ሳምንት የበላችብኝ አንዲት ፒካፕ ናት። ውጭ ሆኖ እንዲህ ዓይነት ነገር የሚያስብ ሰው ካለ፣ የረዱኝንም ያንገላቱኝንም እንዳየኋቸው ልንገረው።

መጀመሪያ የፈለግኩት ሃይሉክስ ነበር። አባቴ ደብረ ብርሃን አጠገብ ገብስና ባቄላ ያርሳል፤ እሱ ዘንድ መኪና ማለት ሃይሉክስ ነው። ግን ጥር 2016 ላይ ከኤሌክትሪክ በቀር አውቶሞቢል አይገባም ከተባለ ወዲህ እሺ የሚለኝ አስመጪ ጠፋ። በመጨረሻ የወንድሜ ጓደኛ፣ ፈቃድ ያለው አስመጪ፣ የኤሌክትሪክ ደብል ጋቢና አገኘልኝ። ራዳር አር ዲ 6 ትባላለች። ጂሊ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣት ናት፤ ከቻይና ውጭ ሪዳራ ብለው ይሸጧታል። የኔዋ ባትሪ 86 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በቻይኖች ልኬት አንዴ ተሞልታ 550 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ልኬቱን ግማሽ ልብ ሆናችሁ እመኑት።

ቀረጡ አላስደነገጠኝም። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ውሳኔ ተገጣጥሞ ለሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና የጉምሩክ ቀረጡ ያኔ 15 በመቶ ነበር፤ ኤክሳይዝ፣ ሱር ታክስና ቫት ተነስቶለት ነበር። ያስደነገጠኝ ትራንዚተሩ፣ የጉምሩክ ጉዳይ የሚያስጨርስልኝ ሰው ነው። የመጀመሪያው ማለቴ ነው። ስልክ ሲያነሳ "ነገ ያልቃል" ይላል፤ ሳያነሳ ደግሞ ነገም ያልፋል። ለካ ሰውዬው የመኪናዋን ዝርዝር መግለጫ ጨርሶ አላስገባም። ከዚህ በፊት ብዙም ያልገባ ሞዴል ሲሆን ዋጋው በምን ይተመን? አምራቹ የሰጠው ወረቀት ከሌለ ማንም አይፈርምም። ዘጠኝ ቀን እንዲሁ ሄደ፤ የመጋዘኑን ኪራይ የከፈልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ሁለተኛዋ ትራንዚተር ወጣት ሴት ናት። ዲክላራሲዮኑን (የጉምሩክ መግለጫውን)፣ ደረሰኙን፣ እያንዳንዱን ማኅተም በቴሌግራም ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች። በአራት ቀን ጨረሰች። ዋጋዋ ከሰውዬው ይበልጣል፤ እሷን ከመጀመሪያው ይዤ ቢሆን ግን ይቀንስልኝ ነበር።

ሞጆ ደረቅ ወደብ ሄደን ኮንቴይነሩ ሲከፈት ፒካፗ ሞታለች። በሪሞት ብንል፣ በበሩ ብንል፣ ዝም። ትልቁ ባትሪ ምንም አልሆነም፤ ያለቀው ትንሹ፣ ባለ 12 ቮልቱ ነው። መርከብ ላይና ወደብ ላይ ሳምንታት ስትቆይ እሱ ያልቃል፤ እሱ ካለቀ ደግሞ በሩም አይከፈትም። አጠገባችን የቆመ የጭነት መኪና ሾፌር ከሪሞቱ ሆድ ውስጥ ትንሽ ቁልፍ መዞ አወጣ፤ ከዚያ በራሱ ባትሪ በኬብል አስነሳት። ገንዘብ ብሰጠው "ተው እንጂ ጋሼ" አለኝ። በጉዞዬ ያገኘሁት ምርጥ አገልግሎት ይሄ ነው፤ ደረሰኝ የለውም።

ምርመራ ጣቢያው ሌላ ታሪክ ነው። መርማሪው ትሑት ልጅ ነው፤ ቅጹ ግን ለናፍጣና ለቤንዚን መኪና የተሠራ ነው። የሻንሲ ቁጥር፣ እሺ። የሞተር ቁጥር፣ ስንት ሲሲ፣ የጭስ ልኬት... "ጭስ ማውጫዋ የት ጋ ነው?" ሲል ወንድሜ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። የሞተር ቁጥር ግን የኤሌክትሪክ ሞተርም አለው። ሁለታችንም የሞባይል መብራት ይዘን ከሥሯ ገባን፤ ከአቧራ በታች ታትሞ አገኘነው። ሸሚዜ እዚያው ቀረ ማለት ይቻላል። ወደፊት ለምታስመጡ፣ ቁጥሩን መኪናዋ ቻይና ሳለች ፎቶ አስነሡ።

የሦስተኛ ወገን መድኑ ግማሽ ሰዓት ነው የወሰደው። ታርጋው ግን አራት ቀን ፈጀ። አንዱ መስኮት "ፒካፕ ጭነት ስለሆነ ኮድ 3" ይላል፣ ሌላው "ለግል ከሆነ ኮድ 2"። እኔ መሃል ላይ ፋይሌን አቅፌ። በመጨረሻ ሰማያዊዋን፣ ኮድ 2ን ሰጡኝ። አንዲት ሠራተኛ ፋይሉን ይዛ ራሷ ፎቅ ባትወጣ ኖሮ እስካሁን እዚያው ነበርኩ። ስሟን አልጽፍም፤ ወረፋው እሷ ጋ እንዳይበዛ።

የማልወደው የመኪናዋን ስክሪን ነው። ሁሉም በቻይንኛ ነው፣ አፑ ደግሞ የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። አንድ ጋራዥ "ወደ እንግሊዝኛ እንቀይረዋለን" ብሎ ሬዲዮውን ብቻ ቀይሮ መለሰልኝ። ሙሉውን አስከፍሎኛል።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መንገዱ ወደ ላይ የሚወጣ፣ አየሩም ብርድ። ሞልተን ወጥተን ከግማሽ በላይ ተርፎን ደረስን። አባቴ ዞር ዞር ብሎ አያት፣ ኋላዋን በእጁ መታ መታ አደረገና "በግ ትጭናለች?" አለ። ሦስት በግ ጫነች። ማታ መብራት ሲጠፋ ኋላዋ ላይ ካለው ሶኬት ቴሌቪዥኑን አሰካን። እናቴ ምጣዱንም እንሰካ አለች፤ እኔ ፈራሁ።

ሊብሬው ከመሄዴ ሁለት ቀን በፊት ወጣ። የነዳጅ ዓይነት በሚለው ላይ "ናፍጣ" ተብሎ ተጽፏል። ወንድሜ ውክልናውን ይዞ ለማስተካከል ወረፋ ላይ ነው።