ዳገት ላይ ለሚፈላ አሮጌ ላንድሮቨር፦ የመዳብ ራዲያተር፣ አሉሚኒየም ወይስ የኤሌክትሪክ ፋን?

ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን ያለው ዳገት የአሮጌ ራዲያተርን ገመና ያወጣል። መኪናው በከባድ ማርሽ እየተጎተተ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል፤ ሞተሩ ይጋጋላል፣ ከፊት የሚገባው ነፋስ ግን ትንሽ ነው። ደጋው ላይ ሲደርስ ደግሞ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ክፍት ድስት የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የራዲያተሩን ክዳን እዩ፣ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ። ላስቲኩ ከደረቀ ግፊት አይይዝም። 0.5 ባር የሚይዝ ደህና ክዳን እዚያው ደብረ ማርቆስ ላይ የመፍያውን ሙቀት ከ100 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ከሁሉም ርካሹ መፍትሔ ይኸው ነው። መኪናው ከሚጠይቀው በላይ ጠንካራ ክዳን ግን አትግጠሙ፤ የድሮ ብየዳ ይከፈታል።

ክዳኑ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ብቻ የሚፈላ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ የራዲያተሩ ቱቦዎች በደለልና በዝገት ተዘግተዋል። አሉሚኒየም ቀላል ነው፣ ቱቦው ሰፊ ስለሚሠራም በደንብ ያቀዘቅዛል። ነገር ግን ከመንገድ ዳር ምንጭ እየቀዱ ለሚሞሉት አይሆንም፤ ፀረ ዝገት ያለው ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ካላገኘ ውስጡ ይበላል፣ ሲቀደድም የሚበይደው ባለሙያ በቀላሉ አይገኝም። የመዳቡና የናሱ ከባድ ቢሆንም በስታኞ ይደፈናል፣ ቱቦዎቹ ተቀይረው ሰውነቱ እንዳለ ይቀራል። ለጎጃም መንገድ እኔ ያለ ማመንታት የነባሩን የመዳብ ራዲያተር ቱቦ ማስቀየር እመርጣለሁ። አሉሚኒየሙ ኩላንት በወቅቱ ለሚቀይር ሰው ይሁን።

የኤሌክትሪክ ፋን የሚረዳው መኪናው ቆሞ ወይም በገበያ ቀን ግርግር ሲሞቅ ነው። የድሮው ሉካስ ሲ40 ዲናሞ (የመኪናው ኤሌክትሪክ ማመንጫ) ግን ቢበዛ 22 አምፔር ነው የሚሰጠው፤ ፋኑ ብቻውን ከ10 በላይ ሊወስድ ይችላል። ይባስ ብሎ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር፣ ማለትም ፋኑ በሚፈለግበት ሰዓት፣ ዲናሞው ምንም አያመነጭም ማለት ይቻላል። በዲናሞው ፋንታ አልተርኔተር ካልገጠማችሁ ተዉት፤ የነባሩን ፋን ቺንጊያ አጥብቁ፣ ሽፋኑ ከወለቀ መልሱት።

ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር የማያሳልፈውን ቫልቭ) ነቅሎ መጣልም መፍትሔ አይደለም፤ በደጋው ብርድ ሞተሩ ሳይሞቅ እየሠራ ያልቃል።

ቀዝቃዛ ሞተር ተነስቶ ወዲያው ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ካለማቋረጥ ከወጣ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለውን ማሸጊያ) አስመርምሩ። ያኔ የትኛውንም ራዲያተር አትግዙ።