የመስኮት ዙሪያ ድንጋዮችን ከአሮጌ ቀለም የማላቀቅና የመጠገን አገልግሎት፦ ግምገማ

የአሮጌው ቤታችን መስኮቶች ዙሪያቸውን በጥርብ ድንጋይ የተከበቡ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ቀለም በቀለም ላይ ሲደራረብባቸው ስለኖረ የድንጋዩ ቅርጽ ፈጽሞ ደብዝዞ ነበር። ሥራውን የሰጠነው በድንጋይ ጥገና ላይ ብቻ ለተሠማራ አነስተኛ ቡድን ሲሆን፣ ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግናቸው ባለመቸኮላቸው ነው። ሌላ ተቋራጭ አሸዋ በከፍተኛ ግፊት እየረጨ ቀለሙን ቶሎ እንደሚያነሣልን ነግሮን ነበር፤ ይህ ዘዴ ግን ከቀለሙ ጋር የድንጋዩን ጠንካራ ገጽ አብሮ ጠርጎ ስለሚወስድ ውስጠኛውን ለስላሳ ክፍል ለዝናብ ያጋልጠዋል። የሽቦ ብሩሽም ቢሆን በድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ የሚተወው የብረት ብናኝ ኋላ ይዝግና ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል።

ቡድኑ ከዓይን ራቅ ባለ ጥግ ላይ ሙከራ አድርጎ ሦስት ዓይነት ቅብ አገኘ። ከላይ ያለው አክሪሊክ (በውኃ የሚበጠበጥ ሰው ሠራሽ ቀለም) እስከ 150 ዲግሪ ሴልሲየስ በሚደርስና ግፊቱ ዝቅተኛ በሆነ እንፋሎት ለስልሶ ተላጠ። ከሥሩ ያለው የዘይት ቀለም ግን አልለቅ አለ፤ በምርመራም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት እንዳለበት ታወቀ። የእርሳስ ብናኝ በተለይ ለሕፃናት አደገኛ በመሆኑ በደረቁ መፋቅ ፈጽሞ አይገባም። ስለዚህ አልካሊ (የዘይት ቀለምን የሚያላቅቅ ኬሚካል) ያለበት ወፍራም ሊጥ ቀብተው፣ እንዳይደርቅ በላስቲክ ሸፍነው አሳደሩትና በማግስቱ ቀለሙን ከነሊጡ አነሡት። ቀጥሎም ድንጋዩን ደጋግመው አጥበው፣ አልካሊው መልቀቁን በመመርመሪያ ወረቀት አረጋገጡ፤ ይህ ካልተደረገ የሚቀረው ጨው ከጊዜ በኋላ ገጹን ያፈርሰዋል። የመጨረሻው ቅብ ኖራ ነበር። እሱ ሲነሣ የጠራቢው መሮ የተዋቸው፣ ጎን ለጎን የተሰደሩ ቀጫጭን መስመሮች ወጡ።

እኔን ይበልጥ ያስደሰተኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በመስኮቱ ደፍ ሥር የዝናብ ውኃ ወደ ግድግዳው ሳይመለስ እንዲንጠባጠብ የተቆረጠ ቦይ አለ፤ ቀለም ሞልቶት ስለነበር ውኃው በደፉ ሆድ እየተሳበ ወደ ግድግዳው ይገባ ነበር። ከመስኮቱ በታች ያለው የውስጥ ልስን ለምን እንደሚረጥብ የተረዳሁት ቦዩ በቀጭን እንጨት ተጠርጎ ሲከፈት ነው።

ቀደም ሲል በሲሚንቶ የተደፈኑትን ስብራቶች በመዶሻና በመሮ በጥንቃቄ አወጧቸው። ሲሚንቶ ከለስላሳ ድንጋይ ይልቅ ስለሚጠነክርና እርጥበትን ስለሚያግድ፣ የሚሰነጠቀው ሲሚንቶው ሳይሆን አጠገቡ ያለው ድንጋይ ነው። በምትኩ የኖራና የአሸዋ ድብልቅ ተጠቀሙ፤ ቶሎ እንዳይደርቅም እርጥብ ጆንያ አለበሱት። ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው፦ የድብልቁን ቀለም እርጥብ ሳለ ስለመረጡ፣ ሲደርቅ ከድንጋዩ ይልቅ ነጣ ብሎ በአንደኛው መስኮት ላይ በግልጽ ይታያል። ናሙናውን አድርቀው ቢያሳዩን ኖሮ ይህ አይከሰትም ነበር።

ገጹ ክፉኛ ለተላጠው አንድ መስኮት ሲሊኬት ቀለም ሐሳብ አቀረቡ። አዶልፍ ቪልሄልም ካይም በ1878 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በጀርመን የባለቤትነት መብት ያገኘበት ይህ ቀለም ከድንጋዩ ጋር በኬሚካል ይዋሃዳል፣ እርጥበትንም ያስተነፍሳል። ነገር ግን አንዴ ከተዋሃደ መልሶ ማንሣት ስለማይቻል የኖራ ቅብን መረጥሁ። ድንጋይ ሁልጊዜ ተራቁቶ መታየት አለበት የሚለውን አስተያየት አልቀበልም፤ የመጀመሪያው ቅብ ኖራ መሆኑ ግንበኛው ራሱ ሊሸፍነው አስቦ ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል። የኖራ ቅብ በየጥቂት ዓመቱ መታደስ ይኖርበታል፤ ይህ እድሳት በውሉ ውስጥ ስላልተካተተ፣ ይህን ቡድን የሚቀጥር ሰው ከመፈረሙ በፊት እንዲጨመርለት ይጠይቅ።