አልቃሿ የጠፋችበት ለቅሶ፦ በደሴ ያሳተምሁት የጆን ፊሊፕ ሥዕል

ለእንግዳ መቀበያ ክፍሌ የሚሆን ሥዕል ስፈልግ ከርሜ በመጨረሻ የስኮትላንዳዊውን ሠዓሊ የጆን ፊሊፕን «ላ ግሎሪያ» መረጥሁና፣ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ከሚገኝ፣ ባነርና የሰርግ ፎቶ ከሚያትም አንድ ቤት በሸራ አሳተምሁት። ስሕተቱም ስለሚነሣ የቤቱን ስም ትቼዋለሁ። ያዘዝሁት መጠን 90 በ60 ሳንቲሜትር ነበር፤ ዋናው ሥዕል ወርዱ 217፣ ቁመቱ 144 ሳንቲሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በዚህ ልክ ሲያንስ ከዳር የሚቆረጥ ነገር የለውም ማለት ይቻላል። ለሕትመቱ፣ ለእንጨቱና ለቫርኒሹ በጠቅላላ 4,200 ብር ተጠየቅሁ፤ ግማሹን ቀብድ ከፍዬ በሦስተኛው ቀን ሥራው ደረሰልኝ፤ ቀጠሮ ማክበራቸውን በዚህ አጋጣሚ አመሰግናለሁ።

ሥዕሉ በእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1864 የተሠራ ነው። በአንዳሉሲያ ልማድ ሕፃን ሲሞት ኀጢአት ሳይነካው ስለሄደ በቀጥታ ገነት ይገባል ተብሎ ስለሚታመን፣ ጎረቤቱ ተሰብስቦ በጊታርና በጭፈራ ይሸኘዋል። ፊሊፕ የሣለው ይህንኑ ነው። በአንደኛው ወገን ፀሐይ የሞላው ግቢ ውስጥ ይጨፈራል፤ በሌላው ወገን፣ በግድግዳው ጥላ ሥር፣ ልጇን የቀበረችውን ሳይሆን ገና ልትቀብር ያለችውን እናት ሰዎች ተነሺ እያሉ ይለምኗታል፤ እሷ ግን ከተቀመጠችበት አትነሣም። በእኛም አገር በወሎ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም እናትን ሲያጽናና «ልጅሽ መልአክ ነው፣ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይጠብቅሻል» ይላታል፤ ሆኖም ቅሬው (ዕድሩ) ለማስተዛዘን ይቀመጣል እንጂ ከበሮ አይመታም። ይህን ሥዕል እንድመርጥ ያደረገኝም አባባሉ አንድ ሆኖ ሳለ ሥርዓቱ እንዲህ መራራቁ ነው።

ችግሩ የታየው ሥዕሉ ከተሰቀለ በኋላ ነው። ጎረቤቴ እማማ ለቡና መጥተው አቦሉን ሲጠጡ ወደ ግድግዳው ቀና ብለው «ልጄ፣ ይኼ የማን ሰርግ ነው?» አሉኝ። ሰርግ ሳይሆን የለቅሶ ቤት መሆኑን ስነግራቸው፣ ሥዕሉን ዳር እስከ ዳር በዐይናቸው ቃኝተው «ታዲያ አልቃሿ የታለች?» ሲሉ ጠየቁኝ። ቀርቤ ሳየው እውነታቸውን ነበር። ማተሚያ ቤቱ ሳያማክረኝ ሥዕሉን አብርቶታል። ጥላው ግራጫ ሆኗል፤ እናቲቱና ጨፋሪዎቹ በአንድ ብርሃን ተጥለቅልቀዋል፤ የጨለማውና የፀሐዩ ድንበር ጠፍቶ እናቲቱ ጭፈራው ሰልችቷት አረፍ ያለች ሚዜ መስላለች።

ድንበሩ ለምን ይህን ያህል እንደሚያስፈልግ ለመረዳት የሠዓሊውን ሕይወት ማወቅ ይጠቅማል። ጆን ፊሊፕ በ1817 በአበርዲን ከተማ ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ። በልጅነቱ የተቀጠረው ቤት ከሚቀባና መስታወት ከሚገጥም ባለሙያ ዘንድ ነበር፤ በዛሬው የደሴ አነጋገር ቀለም ቀቢ ነበር ማለት ነው። በ17 ዓመቱ የእንግሊዝ የሥነ ጥበብ ተቋም የሆነውን የሮያል አካዳሚን ዐውደ ርእይ ለማየት በመርከብ ተሸሽጎ ለንደን እንደ ገባ ይተረካል። ከዚያ ሎርድ ፓንሙር የተባሉ መኳንንት የትምህርቱን ወጪ ችለውለት በ1837 በአካዳሚው ትምህርት ቤት ገባ፤ «ዘ ክሊክ» ከሚባለው የወጣት ሠዓልያን ማኅበርም ተቀላቀለ። የማኅበሩ አባል የነበረውን የሪቻርድ ዳድን እኅት አገባ። ዳድ በ1843 አእምሮው ተነክቶ አባቱን ገደለ፤ ኋላም የአእምሮ ሕሙማን በሚያዙበት በለንደኑ ቤትለም ሆስፒታል ተዘጋበት፤ የፊሊፕ ሚስትም ኋላ የአእምሮ ሕመም አገኛት። ከዚህ ተነሥቼ በሥዕሉ ውስጥ ያለችው እናት እገሊት ናት ማለት አልፈልግም፤ ይሁን እንጂ ሠዓሊው በደስታ ቤት መካከል ብቻዋን የቀረችን ሴት ሲሥል ኀዘንን ከሩቅ የሰማ ሰው አልነበረም።

ፊሊፕ እስከ 1851 ድረስ የስኮትላንድን ገጠር ኑሮ፣ የቤተ ክርስቲያኑንና የቤተሰቡን ሕይወት ደብዘዝ ባለ ቀለም ይሥል ነበር። በዚያ ዓመት ለጤናው ሲል ወደ ስፔን ሄዶ ሴቪል ከተማ ተቀመጠ፤ በ1856 እና በ1860 ደግሞ ተመላለሰ። የደቡቡ ፀሐይ ያስተማረው ስለ ጥላም ጭምር ነው፤ ፀሐይ በበረታ ቁጥር ጥላ ይጠቁራልና። ማድሪድ በሚገኘው የፕራዶ ሙዚየም የቀድሞውን ስፔናዊ ሠዓሊ የቬላስኬዝን ሥራ ተቀምጦ ቀድቷል፤ ብሩሹ እየሰፋ፣ ጥቁሩ እየጠለቀ የሄደውም ከዚያ ወዲህ ነው። የገዛ አገሩ ሰው «የስፔኑ ፊሊፕ» ብሎ ሰየመው፤ ንግሥት ቪክቶሪያም ሥራዎቹን ገዛች። ከእነዚህ መካከል በ1854 የሣለው፣ ጎዳና ዳር ተቀምጦ ለሴቶች ደብዳቤ የሚጽፍ የሴቪል ጸሐፊ፣ ፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግተው ከሚቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎቻችን ጋር ወንድማማች ይመስለኛል፤ ሌላ ጊዜ ገንዘብ ሲገኝ እሱንም አሳትመዋለሁ። ሠዓሊው በ1867 ለንደን ላይ ሲሞት ሃምሳ ዓመት አልሞላውም ነበር።

ወደ ማተሚያ ቤቱ ስመለስ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የሚሠራው ወጣት ጥፋቱን ለመካድ አልሞከረም። ምክንያቱን በትሕትና አስረዳኝ፤ ሸራ ቀለም ይጠጣል፣ ስክሪን ላይ ብርሃን ያለው የመሰለ ጥላ ሲታተም ይጠቁራል፣ የሰርግ ደንበኛ ደግሞ ፊቱ ከጠቆረ አይረከብም፤ ስለዚህ የሚመጣላቸውን ሁሉ አብርተው ማተም ልማድ አድርገውታል። ለሰርግ ፎቶ ልማዱ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ሰው አስቦበት ያጠቆረውን ነገር ሳይጠይቁ ማብራት ግን ጥገና አይባልም። «እሺ ጋሼ፣ እንግዲያው አብረን እንየው» ብሎ፣ ከእናቲቱ ፊት ጀምሮ እስከ ግድግዳው ጥግ ያለውን የጥላ ክፍል ብቻ በመዳፍ ስፋት ቆርጦ በሦስት ደረጃ አተመልኝ። የመጀመሪያው ምንም ያልተነካ ስለነበር ጥቁር ምንጣፍ መስሏል፤ ሦስተኛው የቀድሞው ስሕተት ነው፤ በመካከለኛው ላይ ግን ፊቷ ይለያል፣ ጥላውም ጥላ ነው። በዚያው ልክ እንደ ገና ታተመ። የሸራውን ዋጋ 1,500 ብር ጨምሬ ከፈልሁ፤ ባልከፍል ደስ ባለኝ፣ ነገር ግን ሳዝ «አትንኩት» ብዬ አለማስጠንቀቄን እኔም አልዘነጋሁትም።

የሕትመቱ ጥራት በሌላው ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። የጨፋሪዎቹ ልብስ ቀዩና ቢጫው እርስ በርሱ አልተቀላቀለም፤ የጊታሩ አንገት ጥርት ብሎ ይታያል፤ ቫርኒሹም መስኮት ፊት ለፊት ሲሰቀል አያንጸባርቅም። በእንጨቱ ግን አልረካሁም። አራቱ ማዕዘን በስታፕለር ብቻ ተይዟል፣ ሸራው ሲላላ መልሶ የሚወጥረው ሽብልቅ አልተደረገለትም። የደሴን ክረምት፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቤት ድረስ ሲገባ፣ የሚያውቅ ሰው እርጥበት ሸራን ምን እንደሚያደርገው አይጠፋውም። እኔ ሠፈራችን ያለ አናጺ ዘንድ ወስጄ ስምንት ሽብልቅ አስገብቼበታለሁ፤ ማተሚያ ቤቱ ራሱ ቢያደርገው ብዙ የሚያስወጣው አይመስለኝም።

ሁለተኛው ሥዕል በተሰቀለ ማግስት እማማ እንደ ልማዳቸው መጡ። ምንም አልነገርኋቸውም። ቶናው ቀርቦ በረካው እስኪደርስ ስለ ገበያው ሲያወጉ ቆይተው፣ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው «ያቻት፤ ምነው ቢተዋት?» አሉ።

ሥራው ከነጉድለቱ ለገንዘቡ የሚበቃ ነው። የቆየ ሥዕል ለማሳተም ወደዚህ ዐይነት ቤት የሚሄድ ሰው የጥላውን ክፍል በቁራጭ አሳትሞ ይይ፤ ሽብልቁንም ዋጋ ሳይቆርጥ በፊት ይጠይቅ። ዓርብ ከሆነ ደግሞ ወጣቱ ለጁምዓ ስለሚዘጋ፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ መሄድ ይሻላል።