መብራት ያለው ግሎብ፣ ዋልታዎቹ በክዳን የተደፈኑበት

ይህን ግሎብ ለሰባተኛ ክፍል ልጄ የገዛሁት ከዚራ ካለ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ነው። ሻጩ ገና ጎረምሳ ነው። «አቦ አንተ፣ ይሄኮ ኦሪጅናል ነው!» አለኝ፤ ድሬ ነውና አንቱታ አልጠበቅሁም። ሁለት ሺህ ብር አልሞላም። ዋጋው ላይ ቅሬታ የለኝም።

ስለ ዕቃው ቶሎ ልበልና ልለፍ። ወርዱ 30 ሳንቲ ሜትር ነው። መብራቱ ሲጠፋ ተራራውንና በረሃውን ያሳያል፣ ሲበራ የአገሮች ድንበር ይወጣል። ቀለሙ አይደበዝዝም፣ የባሕሩ ጥልቀት ሳይቀር ተለይቷል። አብሮት የመጣው አምፖል ግን ይግላል፤ የድሬ ሙቀት ሲታከልበት ፕላስቲኩ መሽተት ጀመረ፣ በኤል ኢ ዲ ቀየርኩት። እግሩ ትንሽ ይወዛወዛል። ሐረር ተጽፋለች፣ ድሬዳዋ የለችም። ሐረር ያሉት አማቾቼ ይህን ካዩ ወዲህ አፋቸው አልተከደነም። እሱንም ይሁን ብዬ አለፍኩት።

ዋልታዎቹን ግን አላልፍም። ሰሜን ዋልታ ላይ 3 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የብሎን ክዳን ተቀምጧል፤ ደቡብ ዋልታ ላይ ዘንጉ የሚገባበት 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀለበት አለ። ሥራዬ ፍሪጅ መጠገን ስለሆነ ሜትር ከኪሴ አይጠፋም። በዚህ ግሎብ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ማለት ወደ 425 ኪሎ ሜትር ነው። እንግዲህ የላይኛው ክዳን ከዋልታው በየአቅጣጫው 640 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የታችኛው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሸፍኗል ማለት ነው። ከክዳኑ የተረፈውን የአርክቲክ ውቅያኖስ ደግሞ ድፍን ነጭ ቀብተውታል። ልጄ ጣቷን አሳርፋበት «አባዬ፣ ይሄ መሬት ነው?» አለች። ምን ታድርግ፣ ግሪንላንድም ነጭ፣ ባሕሩም ነጭ፣ አንታርክቲካም ነጭ። ሰሜኑ በመሬት የተከበበ ባሕር፣ ደቡቡ በባሕር የተከበበ መሬት መሆኑ ከዚህ ግሎብ ላይ አይታይም።

ነጩ ቀለም የየትኛው ወር፣ የየትኛው ዓመት በረዶ እንደሆነም አልተጻፈም። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሳተላይቶች የባሕሩን በረዶ ሳያቋርጡ የሚለኩት ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የአርክቲክ በጋ (የእዚያ ሞቃት ወቅት) ሲያልቅ፣ ሴፕቴምበር ላይ፣ ወደ 7 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር በረዶ ይተርፍ ነበር። በ2012 የተረፈው 3.4 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ከዚያ የወረደ አልተመዘገበም። የግሎቡ ቀለም ግን ያው ነጭ ነው።

እንደ ፍሪጅ ሠራተኛ ከሁሉ የገረመኝ የሙቀቱ ነገር ነው። በመሀል አርክቲክ፣ በረዶው ባለበት ባሕር ላይ፣ የበጋው አየር ዛሬም ከዜሮ ዲግሪ ብዙ አይርቅም። ቴርሞሜትሩን ብቻ ያየ ሰው «ምን ተለወጠ?» ቢል አይፈረድበትም። ዜሮ ዲግሪ ላይ ያለን 1 ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ የሚፈጀው ሙቀት፣ ያንኑ ውኃ ከዜሮ እስከ 80 ዲግሪ ለማሞቅ ከሚፈጀው ጋር እኩል ነው። መጋላ ያሉ ለስላሳ ሻጮች ይህን ሳይማሩ ያውቁታል፦ በሣጥኑ ውስጥ በረዶ እስካለ ድረስ ውኃው አይሞቅም። የአርክቲክም ሙቀት በበጋ በረዶውን በማቅለጥ ያልቃል፣ የተረፈው በተገለጠው ጥቁር ባሕር ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ በጋው አልፎ ብርዱ በሚገባባቸው ወራት ወደ አየር ይወጣል። ባሕሩ ላይ ሙቀቱ በጣም የጨመረው በእነዚያ ወራት የሆነው ለዚህ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሲታይ አርክቲክ ከ1979 ወዲህ ከዓለም አማካይ ወደ አራት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ሞቋል።

መሬቱ ላይ ግን ሙቀቱን እንዲያ የሚይዝ በረዶና ባሕር የለም። ሳይቤሪያ ውስጥ ቨርኮያንስክ የምትባል ከተማ ጁን 20, 2020 ላይ 38 ዲግሪ ደረሰች፤ የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ከአርክቲክ ክበብ በላይ የተመዘገበ ከፍተኛው ሙቀት ብሎ አጽድቆታል። 38 ዲግሪ እኛ ድሬዎች እንኳ «ዛሬስ ሞቀ» የምንልበት ነው። ኦገስት 14, 2021 ደግሞ ግሪንላንድ አናት ላይ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ባለ ጣቢያ፣ ዝናብ ዘነበ። እዚያ ዝናብ ሲታይ የመጀመሪያው ነው።

ነፋሱም አለ። በ2007 በጋ በአላስካ በኩል ባለው ባሕር ላይ ከፍተኛ የአየር ግፊት ተቀምጦ ሰማዩ ጠራ፣ ሞቃቱ ነፋስ በረዶውን ወደ አትላንቲክ ገፋው። ከዚያ በኋላ ባሉት በጋዎች፣ እስከ 2012 ድረስ፣ ግሪንላንድ ላይ ከፍተኛ ግፊት ደጋግሞ ቆመ፤ ጁላይ 2012 የግሪንላንድ በረዶ ገጽ ከሞላ ጎደል በሙሉ ቀለጠ። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ደግሞ ከሳይቤሪያ የተነሣ ትልቅ አውሎ ነፋስ የሳሳውን በረዶ ሰባበረው። በ2013 ግን በጋው ደመናማና ቀዝቃዛ ሆነ፣ 5 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል በረዶ ተረፈ። የአንድ ዓመት ነፋስ አንድ ነገር ነው፣ አርባ ዓመት እየቀነሰ የመጣው የበረዶው መጠን ሌላ። በርጫ ላይ ሁልጊዜ የምንጨቃጨቀው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ጓደኛችን በ1998 ዓ.ም. (ይሄ በኛ ነው) እዚህ ድሬ የመጣውን የደጫቱን ወንዝ ጎርፍ ሳይቀር ከዋልታው ጋር ሊያያይዘው ይሞክራል። አቦ ተወን፣ ያ ውኃ የወረደው ከደንገጎ በላይ ካለው ደጋ ነው።

ወደ ታችኛው ቀለበት ልምጣ፤ ይሄኛው የሙያዬ ጉዳይ ነው። ሱቄ ጥግ አር 12 የሚባለው የፍሪጅ ማቀዝቀዣ ጋዝ ባዶ ሲሊንደር አለ፣ ከድሮ ፍሪጆች ዘመን የቀረ። ያኔ ጋዝ ሲቀየር አሮጌውን ወደ አየር መልቀቅ የዓለም ጠጋኝ ሁሉ ልማድ ነበር። በ1985 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች አንታርክቲካ ላይ ሃሊ ከሚባለው ጣቢያቸው ሆነው ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከላከለን የኦዞን ሽፋን በየፀደዩ እንደሚሳሳ አሳወቁ፤ ምክንያቱ ይኸው የኛ ጋዝና ዘመዶቹ ነበሩ። ብዙ ሰው እዚህ ድረስ ያውቃል። የማይነገረው ቀጥሎ ያለው ነው። ኦዞን ያጣው የላይኛው አየር ይቀዘቅዛል፤ በዚህ ምክንያት በተከታዩ በጋ፣ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ፣ አንታርክቲካን የሚዞረው የምዕራብ ነፋስ በረታ፣ ወደ ዋልታውም ተጠጋ። ከፍሪጅ የወጣ ጋዝ የአንድ አህጉር የበጋ ነፋስ ቦታ አስለወጠ! በ1987 እነዚህን ጋዞች ለማስቀረት የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፣ እኛም ወደ አር 134፣ አሁን ደግሞ ወደ አር 600 ሄድን። ከ2000 አካባቢ ጀምሮ የነፋሱ መጠጋት ቆሟል። ያም ሆኖ ሙቀቱ አልቀረም፤ ፌብሩዋሪ 6, 2020 አንታርክቲካ ላይ ያለው ኤስፔራንዛ የሚባል የአርጀንቲና ጣቢያ 18.3 ዲግሪ መዝግቧል። በ2002 በጋ እዚያው አንታርክቲካ ዳር ላርሰን ቢ ከሚባለው ተንሳፋፊ በረዶ 3,250 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በሳምንታት ውስጥ ተሰባብሮ ሄዷል፤ ከድሬዳዋ አስተዳደር ስፋት ሁለት እጥፍ በላይ ነው። ያ ቦታ ግሎቡ ላይ አሁንም ነጭ ነው።

ይለውጥልኝ እንደሆነ ብዬ ወደ መደብሩ ወስጄው ነበር። «ሁሉም እንዲህ ነው፣ ሰው አገሩን እንጂ ዋልታ ማን ያያል?» አለ። መልሼ ወደ ቤት ይዤው መጣሁ፤ ልጄ የበጋውን በረዶ ዳር በሰማያዊ ማርከር አስምራበታለች፣ አሁን ትንሽ ይሻላል።

ከአምስት ኮከብ ሦስት እሰጠዋለሁ፤ ለሳሎን ጌጥ ከሆነ አራት። ለተማሪ የምትገዙ ከሆነ እዚያው መደብር መብራት የሌለው፣ ዋጋውም ግማሽ የሆነ ግሎብ አለ። ክዳኑ የአውራ ጣት ጥፍር ቢያክል ነው፣ አንታርክቲካም ከነዳርቻዋ ትታያለች። ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ከካልኩሌተሮቹ ጀርባ ስለሚያስቀምጠው፣ ካልጠየቃችሁት አያወርድላችሁም።